የጎማው ዕድሜ ይጻፍ!

ክቡራትና ክቡራን፣ የፎርሙላ ዋን ወዳጆች፤

ውድድር ባለቀ ማግስት የአሽከርካሪዎች አማካይ የዙር ሰዓት ተደርድሮ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «እገሌ በዙር 0.3 ሰከንድ ይፈጥናል» ይባልና ክርክሩ ይጦፋል። ዛሬ እዚህ የቆምኩት ያንን ሰንጠረዥ ልሞግት ነው። የጎማውን ዓይነትና ዕድሜ ያልያዘ ሰንጠረዥ ማን ከማን እንደሚፈጥን ሊነግረን አይችልም።

እ.ኤ.አ. የ2019ኙን የሃንጋሪ ውድድር አስታውሱ። የሬድ ቡሉ ቬርስታፐን በ25ኛው ዙር፣ የመርሴዲሱ ሃሚልተን በ31ኛው ጠንካራውን ጎማ ገጠሙ፤ ጎማው ጠንካራ፣ መካከለኛና ለስላሳ ተብሎ ይከፈላል፣ በለሰለሰ ቁጥር ይፈጥናል፣ ቶሎም ይደክማል። ሃሚልተን ከኋላ ተጠግቶ ማለፍ አቃተውና በ48ኛው ዙር ዳግመኛ ፒት (ጎማ መቀየሪያው ቦታ) ገባ፤ መካከለኛውን ገጥሞ 20 ሰከንድ ያህል ወደ ኋላ ርቆ ወጣ። ከ70ው ዙር የቀሩት 22 ናቸው። በ67ኛው አለፈው። በዚያች ቅጽበት የቬርስታፐን ጎማ ከተገጠመ 42 ዙር፣ የሃሚልተን 19 ዙር ሆኖታል። ቀጥሎ የሆነውን ልብ በሉ፤ ሦስተኛው ወደ ኋላ እጅግ ርቆ ስለነበር ቬርስታፐን ደረጃውን ሳያጣ ፒት ገብቶ ለስላሳውን ገጠመና የዕለቱን ፈጣን ዙር፣ 1:17.103፣ አስመዘገበ። የመጨረሻዎቹን ሃያ ዙሮች ያየ ሰው «ሃሚልተን በብዙ ይፈጥናል» ይላል። ፈጣኗን ዙር ያየ ደግሞ «የለም፣ ቬርስታፐን» ይላል። ሁለቱም ያነበቡት ጎማውን ነው!

እንግዲህ እንዴት እናነጻጽር? መጀመሪያ የማይረቡትን ዙሮች ሰርዙ፦ የመጀመሪያውን ዙር፣ ወደ ፒት የገባበትንና የወጣበትን፣ ሴፍቲ ካር (አደጋ ሲደርስ ከፊት እየመራ ሁሉንም የሚያዘገየው መኪና) እና ቢጫ ባንዲራ (የአደጋ ማስጠንቀቂያው) የነበረባቸውን። ከፊቱ ካለው መኪና ከሁለት ሰከንድ ባነሰ ርቀት የነዳባቸውንም ለብቻ አስቀምጡ፤ ከፊት ካለው መኪና የሚመጣው የተበጠበጠ አየር የፊት ጎማውን እያንሸራተተ ያሞቀዋል፣ አሽከርካሪውም የራሱን ፍጥነት ማሳየት አይችልም።

ቀጥሎ ነዳጁን አስተካክሉ። እንደ ትራኩ ቢለያይም 10 ኪሎ ነዳጅ በዙር 0.3 ሰከንድ ያህል ያዘገያል። በዙር 1.5 ኪሎ ከተቃጠለ መኪናው ከክብደት መቅለል ብቻ በየዙሩ 0.045 ሰከንድ ያተርፋል። ስለዚህ አንድ አሽከርካሪ ለ20 ዙር ሰዓቱ ሳይነቃነቅ ቢቆይ «ጎማው አልደከመም» አትበሉ፤ ጎማው 0.9 ሰከንድ በልቶበታል፣ የሸፈነለት ነዳጁ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀረውን ሰዓት በጎማው ዕድሜ ደርድሩት። ጠንካራን ከጠንካራ፣ አሥረኛ ዙሩን ከአሥረኛ ዙር ጋር። ሰዓቶቹ የሚሠሩት መስመር የሚነሳበት ቦታ ፍጥነቱን፣ ሽቅብ የሚወጣበት መጠን የጎማውን ድካም ያሳያል። መስመሩ ድንገት ከፍ ብሎ ተመልሶ ከወረደ ግሬይኒንግ ጠርጥሩ፤ የጎማው ገጽ እንደ ላጲስ ፍርፋሪ ተልጦ መልሶ ይለጠፍበትና መያዝ ያቅተዋል፣ ሲጠራ ሰዓቱ ይመለሳል። ብሊስተሪንግ ግን ከውስጥ በሙቀት አብጦ የሚፈነዳ ጉድጓድ ነው፤ ቢሻል እንኳ ጉድጓዱ አይደፈንም።

ይህን ሁሉ ሳያደርጉ አንድን አሽከርካሪ «ጎማ ጨራሽ» ብሎ መፈረጅ ስም ማጥፋት ነው! የ15 ዙር ጎማ የያዘን በ3 ዙር ጎማ ከሚነዳ ጋር አሰልፎ «ተበለጠ» ማለት ደግሞ ግፍ ነው!

አንድ ነገር ልጨምር። መሪው ብዙ ጊዜ ሆን ብሎ ጎማውን እየቆጠበ ይነዳል፤ ሰዓቱ ያሳየው የፈለገውን እንጂ የሚችለውን አይደለም። ስለዚህ ንጽጽሩን በአንድ ቡድን ጓደኛሞች ጀምሩ፤ መኪናው አንድ ነውና ጥርጣሬው ይቀንሳል።

ከሚቀጥለው ውድድር ጀምሮ ሰንጠረዥ የምታዘጋጁ ሁሉ ከእያንዳንዱ ሰዓት አጠገብ ሁለት ነገር ጻፉልን፦ የጎማውን ዓይነትና የሄደውን ዙር። የሌለው ሰንጠረዥ ሲቀርብላችሁ ተቀብላችሁ አትከራከሩበት፤ መልሱት።

አመሰግናለሁ።