የግምገማ ነጥብ

ዛሬ ቃል የገባሁላችሁ ስለ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻው ልነግራችሁ ነበር። እሱ ይቆይ። የማክሰኞው የኢኮኖሚክስ ክፍለ ጊዜ ከሐሳቤ አልወጣ ብሎኛል።

ርዕሱ የምንዛሪ ተመን ነበር። መምህራችን ስለ ፓውንድ ሲያስረዱን ቆዩና ድንገት ኢትዮጵያን ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ ብርን ለገበያ ሲለቀው፣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ አሉን። ከዚያ ሁለቱን መስመሮች አሰመሩ፤ ፍላጎትና አቅርቦት። "ማን ይጠቀማል?" አሉ። አንዷ ልጅ "ቡና ላኪዎች" ብላ መለሰች። "ማንስ ይጎዳል?" እጄን አነሣሁ። ከውጭ የሚገባ መድኃኒት የሚገዙ ሰዎች አልኩ። የደሴዋን አክስቴን ታውቋታላችሁ፣ ስለ ኢንሱሊኗ ስንት ጊዜ አውርተናል፤ እዚያ ግን ስሟን አልጠራሁም። የመምህሩ ፊት በራ። "በጣም ጥሩ፤ ይህ የግምገማ ነጥብ ነው" ብለው ጻፉት፤ ሌላውንም ወገን አይቶ የሚመዝን ሐሳብ ማለታቸው ነው። 25 ነጥብ በሚያዝበት ድርሰት መጨረሻ አንቀጽ ላይ አስገቡት አሉን፤ ክፍሉ በሙሉ ደብተሩ ላይ ገለበጠው።

ስመሰገን ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሁሉም አጎንብሶ ሲጽፍ ሳይ ሆዴ ተረበሸ። የአክስቴ ጭንቀት ለምን መጨረሻ ላይ ይመጣል? መጀመሪያ ላይ ቢሆንስ?

የቡናውም ነገር እንደዚያው ነው። መጽሐፋችን ገንዘብ ሲረክስ የወጪ ምርት ለውጭ ገዢ ይረክሳል ይላል። የእኛ ቡና ግን የሚሸጠው በዶላር ነው፤ አረቢካ የሚባለው የቡና ዓይነት ዋጋ የሚቆረጠው ኒውዮርክ ገበያ ላይ ነው። ብር ስለረከሰ ለንደን የሚጠጣው ስኒ አይረክስም፤ ላኪው በዚያው ዶላር ብዙ ብር ያገኛል እንጂ። ከዚያ ብር ምን ያህሉ ጅማ ያለው ገበሬ እጅ ይገባል? ገበሬው ተጨማሪ ልትከል ቢል እንኳ ችግኙ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ይህን ላነሣ ስል ደወሉ ተደወለ።

ደግሞ ይህን ሁሉ እንድጠይቅ ያደረገኝ ያው ትምህርት ነው፤ እወደዋለሁ፣ ሌላ ትምህርት አልመርጥም ነበር። ትናንት አክስቴ ስትደውል ስለ ውጭ ምንዛሪ እጥረቱ፣ ባንክ ቤትና ጥቁር ገበያ ስለነበራቸው ሰፊ ልዩነት አስረዳኋት። በትዕግሥት አዳመጠችኝና "ታዲያ ዋጋው ይወርዳል ወይ፣ የኔ ልጅ?" አለችኝ። ምን ልበላት?

ምናልባት መምህሩ ልክ ናቸው፤ ፈታኙ ሁለቱንም ወገን ማየት ይፈልጋል። ለነገሩ እናቴ የምትልክላት ፓውንድም አሁን ብዙ ብር ይመነዘራል፤ ስለዚህ አክስቴ ተጎጂም ተጠቃሚም ናት ማለት ነው? ተጠቃሚ ናት ብዬ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ ይላል። ድርሰቱን ሰኞ ማስረከብ አለብኝ። ከእርሷ ልጀምር ይሆን? ነጥብ ቢቀነስብኝስ... ወይም መግቢያው ላይ ስለ መድኃኒት ብቻ፣ ከዚያ መስመሮቹን... እንጃ፣ እስቲ ዛሬ ማታ ልሞክረው።