የአማርኛው ሰዓት መዝገብ ላይ ይስፈር
(በአሜሪካ በሚገኘው የአማርኛ ሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጆች ማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሰብሳቢው የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ የፕሮግራም አዘጋጆች፣ የጣቢያ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ከአትላንታ፣ ከዳላስ፣ ከሲያትልና ከሚኒያፖሊስ ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እንኳን ወደ ዋሽንግተን በሰላም መጣችሁ።

በዚህ መድረክ አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው ስለ ስፖንሰር፣ ስለ አድማጭና ስለ አዳዲስ የድምፅ መሣሪያዎች ነው። ዘንድሮ ንግግሬን በሙሉ ጣቢያዎች ስላስተላለፉት ነገር ለሚይዙት መዝገብ ልሰጠው ነው። ርዕሱ ደረቅ ይመስላል። ግን ዓመቱን ሙሉ ስትደውሉልኝ በብዛት ያነሳችሁት እሱን ነው። «ጣቢያው ወረቀት አምጡ አለን፤ ምን ዓይነት ወረቀት ነው?» «ቅጣት መጣብን ብለው ኪራይ ሊጨምሩብን ነው፤ ምን እናድርግ?» «እኛ ፕሮግራም አዘጋጆች ነን፤ መዝገብ መያዝ የኛ ሥራ ነው እንዴ?»

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር። አዎ፣ የኛም ሥራ ነው።

አብዛኞቻችን የራሳችን ጣቢያ የለንም። ቅዳሜና እሑድ ከአንድ ኤኤም ጣቢያ ላይ ሰዓት እንከራያለን። ጥቂቶቻችን በትናንሽ የማኅበረሰብ ኤፍኤም ጣቢያዎች በበጎ ፈቃድ እንሠራለን። ፈቃዱ የጣቢያው ነው። በሕግ የሚጠየቀውም ጣቢያው ነው። ስለዚህ የአሜሪካን ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ማለትም ኤፍሲሲ፣ ደብዳቤ ሲልክ በኛ ስም አይልክም። ጣቢያው ሲቸገር ግን መጀመሪያ የሚነካው የተከራዩን ሰዓት ነው። ይህን ያየን ሰዎች እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለን።

ደንቡ ምን ይላል? የሙሉ ኃይል ሬዲዮ ጣቢያ ሁሉ ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ መያዝ አለበት። እዚያ ውስጥ ከሚገቡት ነገሮች ለኛ ዋናው በየ3 ወሩ የሚዘጋጀው የጉዳዮችና የፕሮግራሞች ዝርዝር ነው። ጣቢያው ባለፉት 3 ወራት ለአካባቢው ሕዝብ አሳሳቢ የሆኑት ጉዳዮች እነዚህ ነበሩ ይላል። ከዚያ በየትኛው ፕሮግራም፣ በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ደቂቃ እንዳስተናገዳቸው ይጽፋል። አጭር መግለጫም ይጨምራል። ማስገቢያው ጃንዋሪ 10፣ ኤፕሪል 10፣ ጁላይ 10 እና ኦክቶበር 10 ነው። ጃንዋሪ 10 ከገና በ3ኛው ቀን እንደሚውል ልብ በሉ። ሁላችንም በበዓል ፕሮግራም ተወጥረን የምንከርምበት ሳምንት ነው።

ድሮ ይህ ወረቀት በጣቢያው ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ማየት የፈለገ ሰው እዚያው ሄዶ ይጠይቃል። ከማርች 1 ቀን 2018 ጀምሮ ግን ትናንሾቹ የሙሉ ኃይል ጣቢያዎችም ጭምር ኮሚሽኑ ባዘጋጀው ድረ ገጽ ላይ እንዲጭኑ ተደረገ። ብዙ ነገር የተለወጠው ያን ጊዜ ነው። ድረ ገጹ ሰነዱ መቼ እንደገባ ቀኑን ይመዘግባል። ድሮ የዘገየ ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ከገባ በኋላ መቼ እንደገባ የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ መዘግየቱ ለማንም ሰው ይታያል። ፈቃድ በየ8 ዓመቱ ሲታደስ ደግሞ ጣቢያው መዝገቡ ሙሉ እንደነበረ፣ በጊዜውም እንደገባ ማረጋገጫ ይሰጣል። የዋሽንግተን፣ የሜሪላንድ፣ የቨርጂኒያና የዌስት ቨርጂኒያ ሬዲዮ ጣቢያዎች ፈቃድ የሚያበቃው ኦክቶበር 1 ቀን 2027 ነው። የማደሻ ማመልከቻው የሚገባው ከዚያ 4 ወር ቀደም ብሎ ነው። ከዚህ አካባቢ ለምታሰራጩ ይህ ሩቅ አይደለም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልግባ። የጣቢያዎቹ ኃላፊዎች አማርኛ አይሰሙም። እኛ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስለ ቤት ኪራይ ጭማሪ ከጠበቃ ጋር አውርተን፣ ስለ ስኳር በሽታ ሐኪም አቅርበን፣ ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ምዝገባ አስረድተን እንወጣለን። ኃላፊው የሚያውቀው ሙዚቃ እንደነበረና ሰዎች እንደተነጋገሩ ብቻ ነው። በሩብ ዓመቱ መጨረሻ ዝርዝሩን ሲያዘጋጅ የኛን ሰዓት ይዘለዋል፤ ወይም «የውጭ ቋንቋ ፕሮግራም» ብሎ በአንድ መስመር ያልፈዋል። እኔ ራሴ የአንድ ጣቢያን መዝገብ ከፍቼ ገልብጫለሁ። ከአንድ ሩብ ዓመት ወደ ሌላው ብሄድም አማርኛ የሚል ቃል አላገኘሁም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግን የኛ አዘጋጆች ኮሮና ምን እንደሆነ፣ ክትባቱ የት እንደሚሰጥ፣ ሥራ ያጣ ሰው ድጎማ እንዴት እንደሚያመለክት በየሳምንቱ ሲያስረዱ ነበር። እንግሊዝኛ የማያነቡ እናቶችና አባቶቻችን መረጃውን ያገኙት ከነሱ ነው። መንግሥት ለሕዝብ ክፍት ባደረገው መዝገብ ላይ ይህ ሁሉ ሥራ አልተሠራም። ያሳዝነኛል። ጥፋቱን ግን ሙሉ በሙሉ ኃላፊው ላይ መጣል አልችልም፤ ማንም አልነገረውም።

«ይህ ቢሮክራሲ ነው» የምትሉ አላችሁ። ይህ መዝገብ ለምን ለሕዝብ እንደተከፈተ የሚያስረዳ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በሚሲሲፒ ግዛት፣ ጃክሰን ከተማ፣ ደብሊውኤልቢቲ የሚባል የቴሌቪዥን ጣቢያ ነበር። ከአካባቢው ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ጥቁር ነበር። ጣቢያው ግን የመብት ትግሉን ድምፅ ያፍን ነበር። የዩናይትድ ቸርች ኦፍ ክራይስት ባልደረባ የነበሩት ኤቨረት ፓርከር በ1964 የአካባቢው ሰዎች ቤታቸው ቁጭ ብለው ስርጭቱን እየተከታተሉ እንዲመዘግቡ አደረጉ። ምን ተላለፈ፣ ማን ተናገረ፣ ማን ተዘለለ የሚለው ሁሉ በወረቀት ሰፈረ። ያንን ይዘው የፈቃዱን እድሳት ተቃወሙ። ኮሚሽኑ እናንተ ተራ ተመልካቾች ናችሁና አያገባችሁም አለ። በ1966 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ያገባቸዋል ብሎ ወሰነ። በ1969 ደግሞ የጣቢያው ፈቃድ እድሳት እንዲሻር አዘዘ። ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ የመያዝ ግዴታም ሥራ ላይ የዋለው በዚሁ ዘመን፣ በ1965 ነው። እኛ ዛሬ በዚህ አገር አየር ላይ ስለ ራሳችን በቋንቋችን የምናወራው እነዚያ ሰዎች በከፈቱት በር ገብተን ነው። ስለዚህ መዝገቡን እንደ ጠላት ማየት አልችልም።

ቅጣቱ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ፤ በግልጽ እናገራለሁ። ኮሚሽኑ በ1997 ባወጣው የቅጣት መመሪያ መዝገብን ላለመያዝ መነሻው 10,000 ዶላር ነው። የተፈለገ ቅጽ በወቅቱ ላለማስገባት 3,000 ዶላር ነው። መነሻው በከተማው ላለው ትልቅ ኩባንያም፣ በበጎ ፈቃደኞች ለሚንቀሳቀስ ጣቢያም አንድ ነው። ለአንዱ የአንድ ቀን ማስታወቂያ ገቢ አይሞላም። ለሌላው የዓመት በጀት ነው። መክፈል አልችልም የሚል ጣቢያ ይቀነስለት ዘንድ የ3 ዓመት የግብር ሰነድ ወይም ሌላ አስተማማኝ የሒሳብ ማስረጃ ማቅረብ አለበት። ወረቀት አጥቶ የተቀጣ ጣቢያ ከቅጣቱ ለመዳን ሌላ ወረቀት ይጠየቃል ማለት ነው።

በ2013 ኮሚሽኑ ጥሩ እርምጃ ወስዷል። በአዮዋ ግዛት የዊልያም ፔን ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ጣቢያ፣ ኬአይጂሲ፣ የሩብ ዓመት ዝርዝሮቹን በመዝገቡ አላስቀመጠም ነበር። ቅጣቱ ከ10,000 ወደ 2,500 ዶላር ወረደ። ጣቢያው ወደፊት እንዴት እንደሚያስተካክል ዕቅድ አቀረበ። ኮሚሽኑም ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠፋ፣ በተማሪዎች የሚመራ ጣቢያ በዚህ መንገድ እንዲስተናገድ ወሰነ። ግን በተማሪዎች ብቻ ወሰነው። ጡረተኛ፣ ነርስና የታክሲ ሹፌር ተሰባስበው በነፃ የሚሠሩበት የማኅበረሰብ ጣቢያ አልተካተተም። ለምን? ምክንያቱን እስካሁን አሳማኝ ሆኖ አላገኘሁትም።

በጁላይ 2020 ደግሞ አይኸርትሚዲያና ኩሙለስን ጨምሮ 6 ትልልቅ የሬዲዮ ኩባንያዎች የምርጫ ማስታወቂያ መዝገባቸውን በአግባቡ ባለመያዛቸው ከኮሚሽኑ ጋር ተስማሙ። የገንዘብ ቅጣት አልተጣለባቸውም። የክትትል ዕቅድ ብቻ ፈረሙ። በኋላ ብዙ ትናንሽ ጣቢያዎችም በተመሳሳይ መንገድ ታልፈዋል፤ ይህን አለመናገር ፍትሐዊ አይሆንም። ነገር ግን ያ በኮሮና ዘመን የተደረገ ነው፤ ቋሚ ሕግ አይደለም። ማኅበራችን በዚህ ዓመት ለኮሚሽኑ በጽሑፍ አስተያየት እንዲያቀርብ ለጉባኤው ሐሳብ አቀርባለሁ። የምንጠይቀው በ2013 ለተማሪዎች የተሰጠው ልዩ አስተያየት በበጎ ፈቃደኞች ለሚሠሩ ጣቢያዎችም እንዲዳረስ ነው። መዝገቡ ይቅር አንልም።

ሁለት ጥንቃቄዎች ልጨምር፤ እኛን በቀጥታ ስለሚነኩን ነው።

አንደኛው ምርጫ ነው። ልጆቻችን አሁን ለከተማ ምክር ቤትና ለግዛት ምክር ቤት እየተወዳደሩ ነው፤ ደስ ይላል። ዕጩው ወይም ዕጩዋ ከናንተ ማስታወቂያ ከገዙ ዋጋው፣ የተላለፈበት ሰዓትና የከፈለው ማን እንደሆነ ወዲያውኑ ለጣቢያው መድረስ አለበት። ጣቢያው ባብዛኛው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲጭነው ይጠበቃል። በነፃ ስለ ሰጣችሁትም አየር እንዲሁ ነው። ዕጩው በእንቁጣጣሽ ጠዋት መጥቶ «እንኳን አደረሳችሁ» ቢል፣ የዜና ቃለ ምልልስ አይደለምና በነፃ የተሰጠ ጊዜ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ተፎካካሪውም እኩል ጊዜ ሊጠይቅ ይችላል። አነስተኛ ኃይል ያላቸው፣ እስከ 100 ዋት የሚያሰራጩት ጣቢያዎች የሩብ ዓመቱን ዝርዝር በኦንላይን የመጫን ግዴታ የለባቸውም። የምርጫውን መዝገብ ግን መያዝ አለባቸው። እነሱም አይዘናጉ።

ሁለተኛው የውጭ መንግሥት ነው። ከማርች 2022 ጀምሮ የአየር ሰዓት የሚያከራይ ጣቢያ ተከራዩን መጠየቅ አለበት። የውጭ መንግሥት ነህ? የውጭ የፖለቲካ ፓርቲ ነህ? ወይስ ወኪላቸው? ዝግጅቱን ከነሱ አንዱ ከፍሎበታል? በነፃ ሰጥቷችሁ ነው? በ2022 ፍርድ ቤት የደንቡን አንድ ክፍል ሽሮታል፤ ጥያቄው ግን እንዳለ ነው። መልሱ አዎ ከሆነ ማን እንዳቀረበውና ከየትኛው አገር እንደሆነ በዝግጅቱ መጀመሪያና መጨረሻ ይነገራል። ማስታወቂያው ዝግጅቱ በሚተላለፍበት ቋንቋ ነው፤ ማለትም በአማርኛ። ቅጂውም መዝገብ ውስጥ ይገባል። ከኤምባሲም ሆነ ከአገር ቤት ፓርቲ የተዘጋጀ ቅጂ ተልኮላችሁ እንደ ራሳችሁ ዝግጅት አታስተላልፉ። የአገራችን ፖለቲካ እንዴት እንደሚከፋፍለን ታውቃላችሁ። አድማጭ የሚሰማው ድምፅ ከማን እንደመጣ የማወቅ መብት አለው። በዚህ ደንብ ላይ ቅሬታ የለኝም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የሥራ አስፈጻሚው አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅቷል። ቀን፣ ሰዓት፣ የቆይታ ደቂቃ፣ ጉዳዩ፣ እንግዳው ማን እንደነበረና በእንግሊዝኛ 3 መስመር መግለጫ። አዘጋጁ ፕሮግራሙ ባለቀ ቀን ይሞላዋል፤ አንድ ቅጂ ለጣቢያው፣ አንድ ቅጂ ለማኅበሩ ይልካል። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ በአማርኛ ጻፉት፤ ወጣት አባሎቻችን ለመተርጎም ቃል ገብተዋል። «እንግዳ ነበረን፣ ጥሩ ውይይት ተደረገ» ብላችሁ አትጻፉ። «የሞንትጎመሪ ካውንቲ ተከራዮች ኪራይ ሲጨመርባቸው ያላቸውን መብት ጠበቃ አስረድተዋል፤ አድማጮች በስልክ ጠይቀዋል» በሉ። ጣቢያው ይህን እንዳለ ወስዶ ዝርዝሩ ውስጥ ሊያስገባው ይችላል። ቃለ ምልልስ መምራት የለመደ ሰው ይህን መጻፍ አይከብደውም።

የጣቢያ ኃላፊዎች፣ እናንተንም አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ወረቀቱ ሲመጣላችሁ አስገቡት። አማርኛ ብላችሁ ጻፉት። ሰዓቱን ሸጣችሁ ይዘቱን መዝገብ ላይ መዝለል ለናንተም አይበጅም፤ በ2027 ማመልከቻ ስትሞሉ የምትፈልጉት ማስረጃ እሱ ነው።

ቅጹ መግቢያው አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከቡና በፊት ሁላችሁም አንድ አንድ ውሰዱ። ከሰዓት በኋላ ባለፈው ሳምንት ያስተላለፋችሁትን ፕሮግራም ይዘን አብረን እንሞላለን፤ ላፕቶፕ ያላችሁ የጣቢያችሁን መዝገብ ከፍታችሁ ትጠብቁናላችሁ። ለኮሚሽኑ ስለምናቀርበው አስተያየት ነገ ጠዋት ድምፅ እንሰጣለን።

ጉባኤው ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።