ለመጀመሪያ ትራያትሎናችሁ፦ ውኃው፣ ብስክሌቱ እና በመካከል ያሉት ደቂቃዎች
(ለጀማሪ ተወዳዳሪዎች የተዘጋጀ ንግግር)

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ!

የተመዘገባችሁበት ውድድር ስፕሪንት የሚባለው አጭሩ ትራያትሎን ነው፦ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። እ.ኤ.አ. በ2000 ትራያትሎን በሲድኒ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ሲገባ ርቀቱ የዚህ እጥፍ ነበር። አይረንማን የሚሉት ደግሞ 3.8 ኪሎ ሜትር ተዋኝቶ፣ 180 ኪሎ ሜትር በብስክሌት ተነድቶ፣ በላዩ ላይ ሙሉ ማራቶን የሚሮጥበት ነው። እሱን ለጊዜው እርሱት።

ለስፕሪንት የሚበቃ ጉልበት ጤነኛ የሆነና አሁንም ትንሽ የሚንቀሳቀስ ሰው በ12 ሳምንት ያገኛል። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም በቤተሰብ ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሞት ያለባችሁ ግን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ዘንድ ቅረቡ። ከዚህ በተረፈ ጀማሪን የሚያስቸግሩት ማንም የማይለማመድባቸው ጠባብ ቦታዎች ናቸው፦ የዋናው የመጀመሪያ 200 ሜትር፣ ከውኃ ወጥቶ ብስክሌት ላይ እስኪወጣ ያለው ጊዜ፣ ከብስክሌት በወረደ እግር የሚሮጠው የመጀመሪያ ኪሎ ሜትር። ሯጭ የሆነ ሰው ሩጫ ስለሚወድ ሲሮጥ ይከርማል፤ ውኃው ግን ቀኑን ጠብቆ ይይዘዋል። ስለዚህ ዛሬ ስለ ውኃ አብዝቼ ስለ ሩጫ ጥቂት ብናገር ሯጮች ቅር አይበላችሁ።

ከዋና እንጀምር። 25 ሜትር በሆነ ገንዳ 750 ሜትር ማለት 30 ጊዜ ከጫፍ ጫፍ ነው። ዛሬ 100 ሜትር ሳታርፉ መዋኘት የማትችሉ ካላችሁ 12 ሳምንት አይበቃችሁም፤ መጀመሪያ ዋና ተማሩ፣ ውድድሩን ወደሚቀጥለው አስተላልፉት። ይህን ስል ላስከፋችሁ አይደለም። ብስክሌት ላይ የደከመው ሰው ወርዶ ይቆማል፣ ሲሮጥ የደከመው በእግሩ ይሄዳል፤ በውኃ መካከል ግን የሚቆሙበት መሬት የለም።

ጀማሪ ዋናተኛ 50 ሜትር ሳይደርስ «ትንፋሽ አጠረኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አየር ሳያወጣ መቅረቱ ነው። ፊቱን ውኃ ውስጥ ሲከት ትንፋሹን ቋጥሮ ይይዛል፤ አፉ ከውኃ በሚወጣበት ግማሽ ሰከንድ ውስጥ የቆየውን አስወጥቶ አዲስ ለማስገባት ይጣደፋል፣ ሁለቱም አይሞላለትም። ሰውነት «ተንፍስ» ብሎ የሚያስጨንቀን በዋናነት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም ነው። ስለዚህ ኦክስጅን ሳይጎድለው ይጨነቃል፣ ሲጨነቅ ይፈጥናል፣ ሲፈጥን ይብስበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ አሰልቺ ስለሆነ ብቻ ሰው ይዘለዋል። የገንዳውን ጠርዝ ይዛችሁ ፊታችሁን ክተቱ፣ በአፍንጫችሁ «እምምም» እያላችሁ አረፋውን ቀስ ብላችሁ አውጡ፣ ጭንቅላታችሁን ወደ ጎን አዙራችሁ ተንፍሱ፣ መልሳችሁ ክተቱ። 20 ጊዜ። በየልምምዱ መጀመሪያ፣ ለአንድ ወር። «እምምም» የሚለው ድምፅ ከተቋረጠ ትንፋሽ ቋጥራችኋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ወደ ፊት ለማየት ጭንቅላት ማንሳት ነው። ጭንቅላት ሲነሳ ዳሌ ይሰምጣል፣ እግር እንደ መልሕቅ ይጎተታል። የገንዳውን ወለል እዩ። እግራችሁንም ብዙ አትምቱ፤ ለብስክሌቱ ያስፈልጋችኋል።

በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ቢቻል ሦስት ጊዜ ዋኙ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 8 ጊዜ 25 ሜትር፣ በየመሐሉ 20 ሰከንድ እረፍት። በአራተኛው ሳምንት 6 ጊዜ 50። በስምንተኛው 5 ጊዜ 100። በአሥረኛው ሳምንት አንድ ቀን 750ውን ሳታቋርጡ፣ ሰዓት ሳታዩ፣ ጨርሱት። 30 ዙር መቁጠር ያምታታል፤ በየ10 ዙሩ ጠርዙ ላይ አንድ ነገር ማስቀመጥ ይረዳል።

ሐይቅና ባሕር ከገንዳ ይለያሉ። የሚይዙት ጠርዝ የለም፣ ወለሉ ላይ የተሳለ መስመር የለም፣ ብዙ ጊዜ ወለሉ ራሱ አይታይም። ቀጥ ብሎ የሚዋኝ የሚመስለው ሰው ከ20 ቀዘፋ በኋላ ወደ አንድ ጎን ተጣምሞ ይገኛል። በየ6 ወይም 8 ቀዘፋው ዓይናችሁን ብቻ እንደ አዞ ከውኃው በላይ ብቅ አድርጋችሁ ተንሳፋፊውን ምልክት ፈልጉ፤ ከዚያ ለመተንፈስ ወደ ጎን ዙሩ። ወደ ፊት እያያችሁ ለመተንፈስ ከሞከራችሁ ማዕበሉን ትጠጡታላችሁ። ምልክቱ ከታች ሲታይ ስለሚጠፋ ከኋላው ያለ ትልቅ ነገር፣ ዛፍ ወይም ሕንፃ፣ አስቀድማችሁ ምረጡ። ከውድድሩ በፊት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ክፍት ውኃ ላይ ተለማመዱ፤ ብቻችሁን ግን ፈጽሞ አትግቡ፣ ከሩቅ የሚታይ ተንሳፋፊም ወገባችሁ ላይ እሰሩ።

ዌትሱት የሚባለው የላስቲክ ልብስ ይሞቃል፣ ያንሳፍፋልም፤ ለጀማሪ ባለውለታ ነው። በዓለም አቀፉ የትራያትሎን ደንብ ለዚህ ርቀት የውኃው ሙቀት ከ22 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ከሆነ ክልክል ነው፣ ከ16 በታች ሲሆን ግዴታ ነው። የሚለበስበት መንገድ ግን ብዙ ሰው ያሳስተዋል። ከታች በደንብ ሳይሳብ ብብት ላይ ሲደርስ ትከሻን ወደ ታች ይጎትታል፣ ደረትን ያፍናል፤ ባለቤቱም ፍርሃት የያዘው ይመስለዋል። መጀመሪያ ከቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ከጉልበት፣ ከዚያ ከጉያ በጣት ቆንጠጥ እያደረጋችሁ ወደ ላይ ሳቡት። በጥፍር ከሆነ ይቀደዳል። አንገታችሁን እንዳይልጣችሁ ቅባት ተቀቡ፤ ቫዝሊን ላስቲኩን ሊጎዳው ስለሚችል ለዚሁ የተሠራውን ፈልጉ።

በውድድሩ ጠዋት ከመነሻው 10 ደቂቃ ቀደም ብላችሁ ውኃ ግቡ፣ ፊታችሁን ክተቱ፣ ያንን «እምምም» ድገሙት። ቀዝቃዛ ውኃ ድንገት ደረት ሲነካ ትንፋሽ በራሱ ይቆራረጣል፤ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ይረጋጋል። ያ ደቂቃ ከተኩሱ በፊት ቢያልፍላችሁ ይሻላል። ስትነሱ ከጎን ወይም ከኋላ ቁሙ። መካከሉ የክርንና የእግር ገበያ ነው። ጭንቀት ከመጣባችሁ በጀርባችሁ ተንሳፈፉ ወይም በደረት ዋና ቀጥሉ፤ ሁለቱም ይፈቀዳሉ። ጀልባ ይዞ ማረፍም ይፈቀዳል፣ ጀልባው ወደ ፊት እስካልወሰዳችሁ ድረስ። እርዳታ ከፈለጋችሁ እጃችሁን አንሱ። ደረት ካመማችሁ ወይም ትንፋሹ አርፋችሁም ካልተመለሰ ውጡ፤ የዚያን ቀን ውድድር እዚያ አብቅቷል።

ወደ ብስክሌቱ እንሂድ። ውድ ብስክሌት አያስፈልጋችሁም። ሁለቱም ፍሬኖች የሚይዙ፣ ሰንሰለቱ የተቀባ፣ የመሪው ጫፎች በቡሽ የተደፈኑ ይሁን፤ ክፍት ቱቦ ሲወድቁ ሥጋ ስለሚቆርጥ ዳኞች አያሳልፉትም። የተራራ ብስክሌት ካላችሁ ጎማውን ጥርስ በሌለው ለስላሳ ጎማ ቀይሩት፣ ከማናቸውም ወጪ የበለጠ ይጠቅማችኋል። የመቀመጫውን ከፍታ ለመለካት ግድግዳ ተደግፋችሁ ተቀመጡ፣ ተረከዛችሁን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ አድርጉ፤ ጉልበታችሁ ቀጥ ማለት አለበት። በእግር መዳፍ ስትነዱ ያ ትንሽ እጥፋት ሆኖ ይቀራል። ከዚህ ዝቅ ካለ ጉልበታችሁን ከፊት በኩል ያማችኋል፤ ከዚህ ከፍ ካለ ዳሌያችሁ ከጎን ወደ ጎን ይወዛወዛል።

ጎማ መቀየር ቤት ተለማመዱ፣ ሦስት ጊዜ። ብዙ ሰው አዲሱን የውስጥ ጎማ ያስገባና 100 ሜትር ሳይሄድ እንደገና ይተነፍስበታል፤ የወጋው እሾህ ወይም ጠርሙስ አሁንም ከውጪው ጎማ ላይ ተሰክቶ ነዋ! ከመግጠማችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን አብሱት፣ ጨርቁ የሚያዝበት ቦታ ላይ እሾሁ አለ። ንፋሱን ስትሞሉ ደግሞ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ትልቁ ቁጥር አትለፉ፤ እስከዚያ መድረስም የለባችሁም።

ስትነዱ ከባድ ማርሽ አትግፉ። የቀኝ ጉልበታችሁን ለ30 ሰከንድ ቁጠሩ፤ ከ40 እስከ 45 ጊዜ መውጣት አለበት። ከዚያ ካነሰ ጭናችሁን ለሩጫው አታተርፉም። አጫጭር ዓረፍተ ነገር መናገር በምትችሉበት ጉልበት ንዱ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ የሚለው ተረት ለዚህ 20 ኪሎ ሜትር የተነገረ ይመስላል። ከፊት ካለው ሰው ኋላ ተለጥፎ ንፋስ መሸሽ ለእናንተ ክልክል ነው። ርቀቱን የውድድሩ ደንብ ይወስነዋል፤ ብዙ ጊዜ 10 ሜትር ነው። ስትቀድሙ ሳታመነቱ እለፉ፤ የተቀደመው ደግሞ ወደ ኋላ የመቅረት ግዴታ አለበት።

አሁን መቀየሪያው ስፍራ፣ ከዋና ወደ ብስክሌት፣ ከብስክሌት ወደ ሩጫ የምትሸጋገሩበት። ቦታችሁ የፊት ፎጣ ያህል ናት። ብስክሌቱን በቀላል ማርሽ ላይ አድርጋችሁ ስቀሉት። ሄልሜቱን በመሪው ላይ ገልብጡት፣ ማሰሪያዎቹ ወደ ውጭ ተዘርግተው፣ መነጽሩ ውስጡ። የመወዳደሪያ ቁጥሩን በላስቲክ ቀበቶ ያዙት፤ ብስክሌት ላይ ወደ ጀርባ፣ ሩጫ ላይ ወደ ፊት ይዞራል። የጫማችሁን ማሰሪያ በላስቲክ ቀይሩት፤ የራሰና የሚንቀጠቀጥ እጅ ክር አያስርም።

ቅደም ተከተሉን ደጋግማችሁ ተለማመዱ። ከውኃ ስትወጡ ዌትሱቱን እየሮጣችሁ እስከ ወገብ አውርዱ፤ ቦታችሁ ስትደርሱ አውልቁት። ቀጥሎ ሄልሜት፣ ማሰሪያው ቀጭ እስኪል። ብስክሌቱን መንካት የሚቻለው ከዚያ በኋላ ነው። ሲመለሱም ብስክሌቱ ቦታው ሳይሰቀል ማሰሪያው አይፈታም። ጀማሪ በብዛት የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው፣ ከድካም ብስክሌቱን እየገፋ ሳለ ማሰሪያውን ይፈታዋልና። መሬት ላይ ካለው የመውጫ መስመር ሳታልፉ ብስክሌቱ ላይ አትቀመጡ፤ ስትመለሱም ከመውረጃው መስመር በፊት ውረዱ። ጠዋት ከውኃው መውጫ ጀምራችሁ ወደ ቦታችሁ በእግር ሂዱና ስንተኛው ረድፍ እንደሆነ ቁጠሩ። ከአግድም ወደ ቁም የተቀየረ ሰው ጭንቅላቱ ስለሚዞር፣ በመቶ ከሚቆጠር ብስክሌት መካከል የራሱን ማግኘት ቀላል አይሆንለትም።

ስለ ሩጫው አንድ ነገር ብቻ። ከብስክሌት የወረደ እግር የራሳችሁ አይመስልም፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ዳሌው ታጥፎ አንድ ዓይነት ክብ ሲዞር ቆይቷል። ብስክሌቱ ያለመዳችሁ ፍጥነትም ዓይናችሁን ያታልላል፤ እየተንፏቀቃችሁ የመሰላችሁ ጊዜ ከአቅማችሁ በላይ እየሮጣችሁ ሊሆን ይችላል። እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከለመዳችሁት 20 ሰከንድ ያህል አዘግዩት። ለዚህ የሚሆን ልምምድ ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ በሳምንት አንድ ቀን 40 ደቂቃ ብስክሌት፣ ወዲያው 10 ደቂቃ ሩጫ ነው። በኋላ ሩጫውን 20 አድርሱት።

ሳምንታችሁ በጠቅላላ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው፦ ሁለት ዋና፣ ሁለት ብስክሌት፣ ሁለት ሩጫ፣ አንድ ሙሉ የእረፍት ቀን። በየአራተኛው ሳምንት ልምምዱን በሲሶ ቀንሱ። የጎደለ ቀን በሌላ ቀን አይካካስም፣ ተዉት። የመጨረሻውን ሳምንት ግማሽ አድርጉት፤ እግራችሁ ሊከብዳችሁ ይችላል፣ አትደንግጡ።

ምግብ ከመነሻው ሦስት ሰዓት በፊት፣ የለመዳችሁትን፣ ቅባትና ጥራጥሬ ያልበዛበትን ብሉ። በብስክሌቱ ላይ ግማሽ ሊትር ያህል ጣፋጭ መጠጥ በትንንሽ ጉንጭ ይበቃችኋል፤ በአንድ ጊዜ የሚጨልጥ ሰው ሩጫው ላይ ውጋት ይይዘዋል። በዕለቱ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ካልሲ፣ አዲስ መጠጥ አይሞከርም።

እዚያ ጥግ ላይ ሁለት ብስክሌት፣ ሁለት ሄልሜትና አንድ የተወጋ ጎማ አስቀምጠናል። ወንበሮቹን ወደ ግድግዳው ገፋ አድርጉልንና በሁለት በሁለት እየሆናችሁ ኑ፤ አንዱ ጎማውን ይፈታል፣ ሌላው ሄልሜቱን በራሰ እጅ ያስራል። የውኃው ባልዲ ጠረጴዛው ሥር ነው።