ፖዝ ይመለስልን፦ በሠፈር የጎልማሶች የጌም ውድድር መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የውድድሩ አዘጋጆች፣ ትናንት የሠፈራችን ልጆች የነበራችሁና ዛሬ የልጆች አባትና እናት የሆናችሁ ተወዳዳሪዎች፣ እንዲሁም የትዳር አጋራችሁ ቅዳሜ ማታ የት እንደሚያመሽ በዓይናችሁ ለማየት የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዕድሜው ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ ሰው አይመዘገብም የሚል ደንብ ያለው የጌም ውድድር እኔ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። አዘጋጆቹ ስለ ጌምና ስለ ዕድሜ እንድናገር ሲጋብዙኝ ምክንያታቸው አልጠፋኝም። በየሠርጉና በየለቅሶ ቤቱ በተገናኘን ቁጥር ከመካከላችን አንዱ «ጌም እንደ ድሮው አይጥመኝም፤ ገዝቼው ቁጭ ብሎ አቧራ ይጠጣል» ይላል፤ ሌላው «በቃ አርጅተናላ» ብሎ ይመልስለታል፤ ከዚያም ተሳስቀን ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ይዞራል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህንን «አርጅተናላ» የሚለውን መልስ አልቀበልም ለማለት ነው።

አስቀድሜ ግን በእርግጥ ያረጀውን ልመን። ጣታችን እንደ ድሮው አይታዘዝም። እ.ኤ.አ. በ2014 በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ16 እስከ 44 የሆኑ ስታርክራፍት 2 የተባለውን የኮምፒውተር የጦርነት ጌም የሚጫወቱ 3,305 ሰዎችን የጨዋታ መዝገብ መርምረው፣ ተጫዋቹ አዲስ ነገር ስክሪኑ ላይ ካየ በኋላ ምላሽ ለመስጠት የሚወስድበት ጊዜ ከ24 ዓመት ገደማ ጀምሮ እየረዘመ እንደሚሄድ አሳይተዋል። ሃያ አራት ዓመት! አብዛኞቻችን በዚያ ዕድሜ ገና የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ተጋፍተን ስልክ ቁጥር እንገለብጥ ነበር። ይሁንና እነዚሁ ተመራማሪዎች በዕድሜ የገፉት ተጫዋቾች ቀለል ያለ ስልት በመምረጥና አቋራጭ ቁልፎችን በብልሃት በመጠቀም የፍጥነታቸውን ጉድለት እንደሚያካክሱም ጽፈዋል። ኳንቲክ ፋውንድሪ የተባለው የጥናት ድርጅት በበኩሉ ከመቶ ሺህ በላይ ተጫዋቾች ከሞሉት መጠይቅ ተነሥቶ፣ ዕድሜ ሲጨምር ከሁሉ ይበልጥ የሚቀንሰው ሌላውን የማሸነፍ ፍላጎት እንደሆነ፣ አስቦና አቅዶ የመጫወት ፍላጎት ግን ብዙም እንደማይነቃነቅ አመልክቷል። ይህን ለማወቅ እኛ መጠይቅ አላስፈለገንም። ስም አልጠራም እንጂ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሁለት ለባዶ ሲመሩት ጆይስቲክ የሚወረውር የነበረ አንድ ወንድማችን ዛሬ ማስተር ሊግ የሚባለውን ቡድን የማስተዳደር ጨዋታ ከፍቶ፣ ቡና ይዞ፣ ሙሉ ሰዓት ተጫዋች ሲሸጥና ሲገዛ ያመሽና ግጥሚያውን ሳይጫወት ይተኛል። ደስታው ቦታ ለውጧል፤ አልጠፋም።

ታዲያ ደስታው ካለ ማሽኑ ለምን አቧራ ይጠጣል? መልሴን ከመናገሬ በፊት ሁላችንም ወደምናውቃት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ወደነበረችው የቆርቆሮ ቤት ልውሰዳችሁ።

ዘመኑ 1999 ዓ.ም. ነው፤ ከተማው ለሚሌኒየሙ በዓል ይቀባባል። ቤቷ ውስጥ ሦስት ቴሌቪዥን፣ ሦስት ፕሌይስቴሽን 2 እና አንድ እግሩ በድንጋይ የተደገፈ አግዳሚ ወንበር ነበር። ጨዋታው ፔስ 6 የተባለው የእግር ኳስ ጌም ነው፤ ሊቨርፑል በፈቃድ ጉዳይ «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲ ደግሞ «ለንደን ኤፍሲ» ተብለው የተቀመጡበት፣ እኛም ስማቸውን ሳናጣራ በማልያው ቀለም ብቻ የምንመርጥበት ጊዜ ነው። የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል፤ ተራ የሚጠብቀው ደግሞ ከኋላ ቆሞ አሰልጣኝ ይሆናል። የኢንተር ሚላኑ አጥቂ አድሪያኖ የመምታት ኃይሉ 99 ስለነበረ ኢንተርን መያዝ ጥል ማንሣት ነበር፤ ሆኖም ባለቤቱ ጋሼ ሒሳቡን ከተቀበሉ በኋላ ማን ምን ያዘ ብለው አይጠይቁም ነበር።

አንድ ከሰዓት ሁለት ልጆች አንድ ለአንድ ሆነው ሰማንያ ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ ደረሱ። ኢንተርን የያዘው ልጅ ኳሷን ለአድሪያኖ አቀበለ፤ አድሪያኖ ዞረ፤ ከሳጥኑ ጫፍ ላይ ግራ እግሩን አነሣ። በዚያች ቅጽበት ተጋጣሚው ጨዋታውን ፖዝ የሚያደርገውን፣ ማለትም ባለበት የሚያቆመውን፣ ስታርት የሚለውን ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑ ቆመ። አድሪያኖ አንድ እግሩን እንዳነሣ ሐውልት ሆነ። ቤቱ ሙሉ ጸጥ አለ። ከዚያም ልጁ ቁልፉን ደግሞ ተጭኖ ጨዋታውን ለቀቀው፤ የመቺው ጣት ከመምቻው ቁልፍ ተነሥቶ ነበርና ኳሷ ከአግዳሚው በላይ ሄደች። የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አግዳሚ ወንበሩ ተገለበጠ፤ የጆይስቲኩ ገመድ ሲጎተት ማሽኑ ከጠረጴዛው ጫፍ ተንጠለጠለ፤ ጋሼ ሁሉንም አስወጥተው በሩን ቆለፉ። ከወፍጮ ቤቱ ዱቄት የለበሱ ሰዎች ሳይቀሩ ወጥተው «ሆን ብሎ ነው»፣ «አይደለም» እያሉ ለሁለት ተከፈሉ።

በማግስቱ ግድግዳው ላይ በፓርከር የተጻፈ ካርቶን ተለጥፎ አገኘን፤ «ፖዝ ኳስ ሲወጣ ብቻ። ከዕረፍት በኋላ መብራት ከጠፋ ሒሳብ አይመለስም።» ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈ፣ ግን ማንም ያልጣሰው ሌላ ደንብም ነበረ። እናት ከተጣራች ፖዝ በማንኛውም ሰዓት ይፈቀዳል። ልጁ ኳሷ እግሩ ሥር እንዳለች ጆይስቲኩን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ እህል ይዞ ወደ ወፍጮ ይሮጣል፤ ተጋጣሚው እጁን አጣምሮ ይጠብቃል፤ ከኋላ የተሰለፉት ያጉረመርማሉ፤ ጋሼም ማንም ቁልፍ እንዳይነካ ዓይናቸውን አይነቅሉም። ያ ልጅ ዱቄቱን አድርሶ እያለከለከ ሲመለስ ኳሷ እግሩ ሥር ትጠብቀው ነበር።

ወገኖቼ፣ ማሽኑን አቧራ ያስጠጣው የዚህ ነገር መጥፋት ነው። ጌም ይበልጥ የሚጠቅመን ባረጀን ጊዜ ሆኖ ሳለ፣ በየትኛውም ቅጽበት አቁሞ መነሣት የሚባለውን መብት ጨዋታዎቹ ቀስ በቀስ ወሰዱብን። በልጅነታችን የሚጣራን አንድ ሰው ነበር። ዛሬ የሚጣራን ብዙ ነው፤ ሕፃን ያለቅሳል፣ አለቃ ይደውላል፣ ውኃ መጣ ተብሎ በርሜል ይሞላል፣ የዕድር ጥሩንባ ይነፋል። የጎልማሳ ተጫዋች ምሽት ልጆች ከተኙ በኋላ፣ ድምፁ ተቀንሶ፣ የሳሎኑ መብራት ጠፍቶ የምትገኝ አርባ ደቂቃ ናት፤ እርሷም የተረጋገጠች አይደለችም። ለዚህ ሰው ከሥዕሉ ጥራትም፣ ከታሪኩ ርዝመትም በፊት የሚያስፈልገው አቁሞ ሄዶ ሲመለስ የተወውን ነገር በነበረበት ማግኘት ነው።

የሚያናድደው ደግሞ ማሽኖቹ ይህን መማራቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች አንድ ቁልፍ ስትጫኑ ያንቀላፋል፤ ስትቀሰቅሱት ካቆማችሁበት ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ የመጡትም እንዲሁ ናቸው። ማሽኑ መተኛት በተማረበት ዘመን ግን ጨዋታው አልተኛም አለ። ፐብጂ ሞባይል የተባለውን የስልክ የተኩስ ጨዋታ የከፈተ አባት መሀል ላይ ልጁ ብትጠራው ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ ሞቶ መመለስ ወይም «መጣሁ» እያለ አለመምጣት። በቡድን የሚደረጉ ብዙ ፉክክሮች አቋርጦ የወጣን ሰው ይቀጣሉ። ብቻችንን የምንጫወታቸው ሳይቀሩ ይህ ዐመል ተጋብቶባቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውና እኔ ራሴ የምወደው ኤልደን ሪንግ፣ ማንም በሌለበት ሜዳ ብቻዬን ስሄድ እንኳ እንደ ወጉ የሚያቆም ቁልፍ የለውም። ከጠላት ጋር እየተፋለምኩ በሩ ቢንኳኳ የምሞተው እኔ ነኝ።

አንዳንዶቻችሁ «ከሌላ ሰው ጋር በኢንተርኔት እየተጫወትክ ለአንተ ሲባል መቶ ሰው ሊቆም ነው ወይ?» ትሉኛላችሁ። አይቆምም፤ እርሱን ተቀብያለሁ። የማልቀበለው ጨዋታው ከተዘጋ በኋላ እንኳ የማይለቀንን ነው። ዕለት ዕለት ገብተህ ካልፈረምክ የሚቀር ሽልማት፣ በዚህ ወር ካልጨረስክ የሚዘጋ «ሲዝን»፣ በየዓመቱ ከዜሮ የሚጀመር ቡድን፤ ይህ ሁሉ ፖዝ የሌለው ኑሮ ነው። የያኔው ፊፋ፣ የዛሬው ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ የእግር ኳስ ጨዋታ አልቲሜት ቲም የሚባለውን ክፍል ካመጣ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ተጫዋቾቻችሁን በካርድ እየሰበሰባችሁ፣ አዲሱ እትም ሲወጣ ባዶ እጃችሁን ትጀምራላችሁ። ቤልጂየም እ.ኤ.አ. በ2018 እነዚህ ካርዶች የሚወጡባቸው በዕድል የሚከፈቱ ጥቅሎች ቁማር ናቸው ብላ አምራቹ በአገሯ ለእነርሱ መግዣ የሚሆነውን ነጥብ መሸጡን እንዲያቆም አድርጋለች፤ እሰየው ብያለሁ። ለእኔ ግን ከገንዘቡ ይልቅ የባሰው ሰዓቱ ነው። ፊፋ 17 ሲመጣ የቅዳሜና እሁድ ውድድር ይዞ መጣ፤ ሽልማቱን በሙሉ ለማግኘት የሚያስብ ሰው በአንድ ቅዳሜና እሁድ 40 ግጥሚያ ነበረው። አንዱ ግጥሚያ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ አሥር ሰዓት ማለት ነው!

እጠይቃችኋለሁ፣ ይህን ደንብ ያወጣ ሰው ቅዳሜ ሠርግ ተጠርቶ ያውቃል? እሁድ ለቅሶ ደርሶ ያውቃል? ልጁን ክርስትና አንሥቶ፣ ጎረቤቱን ሆስፒታል ጠይቆ ያውቃል? ቀኑን ሙሉ ሠርተን የገባነውን ሰዎች ሁለተኛ የሥራ ፈረቃ ሰጥተውን፣ ፈረቃውን ስንቀር ደግሞ «ተጫዋቹ አድጎ ተወው» ይሉናል። አልተውነውም፤ በቅጥር ደንቡ አልተስማማንም!

ይህን የምለው ለእኛ ብቻ አይደለም። ልጃችሁን «ዝጋውና ለእራት ና» ስትሉት «ይችን ብቻ ልጨርስ» ሲላችሁ ብዙ ጊዜ እየዋሸ አይደለም፤ የያዘው ጨዋታ በእውነት አይቆምም። ከመቆጣታችሁ በፊት የትኛውን ጨዋታ እንደያዘ እዩ፤ የሚቆም ጨዋታ ከሆነ ቆጡት፣ የማይቆም ከሆነ ከመጀመሩ በፊት ሰዓቱን ተነጋገሩ። እኛ ከእናቶቻችን የምንሻልበት ነገር ቢኖር ስክሪኑ ላይ የሚሆነውን ማወቃችን ነውና ዕውቀቱን እንጠቀምበት።

«ትልቅ ሰው ጌም ይጫወታል ወይ?» ለሚሉንም አጭር መልስ አለኝ። ጡረታ የወጡ አባቶቻችን ዋርካ ሥር ከጠዋት እስከ ማታ ዳማ ሲጫወቱ አእምሯቸውን እያሠሩ ነው ይባላል፤ እኛም ይኸው ክብር ይገባናል። እ.ኤ.አ. በ1930 የተወለዱት ጃፓናዊቷ ሃማኮ ሞሪ ሃምሳ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ጌም ጀምረው፣ በ90 ዓመታቸው በዓለም በዕድሜ ትልቋ የጌም ዩቲዩበር ተብለው በጊነስ ተመዝግበዋል። ከዚህ አዳራሽ ማንም ገና እዚያ አልደረሰም፤ የቀረበ የሚመስል ሰው ከፊት ወንበር አይቻለሁ እንጂ።

በአገራችን ጨዋታ ለመሥራት የተነሡ ወጣቶችም አሉ፤ ቅኔ ጌምስ ገበጣን ወደ ስልክ ማምጣቱ ደስ ያሰኘኛል። ለእነርሱ የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፤ ትልቁን የውጭ ኩባንያ ለመምሰል ብላችሁ በየቀኑ እንድንፈርም አታድርጉን። ሃያ ደቂቃ ያለው ሰው የሚጨርሰው ነገር ሥሩልን፤ እኛም ገንዘባችንን ይዘን እንመጣለን፣ በአሥራ ስድስት ዓመታችን ያልነበረን ገንዘብ ዛሬ አለንና።

የተሰጠኝ ሰዓት ስላለቀ ወደ ውድድሩ ደንብ ልለፍ። ግጥሚያዎቹ የሚካሄዱት ያለ ኢንተርኔት፣ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው። ስልክ የተደወለለት ወይም ልጁ የጠራችው ተወዳዳሪ ጨዋታውን ለማቆም ፈቃድ አይጠይቅም፤ ኳሷ ሳጥን ውስጥ ካለች ግን ዳኛው የስልኩን ስክሪን የማየት መብት አለው። የጠሪው ማንነት አከራካሪ ከሆነ ውሳኔው የጋሼ ነው፤ ከኋላ በር አጠገብ ተቀምጠዋል፣ እባካችሁ ተነሥታችሁ አጨብጭቡላቸው።

አሁን የምድብ ዕጣ ለማውጣት ከየቤቱ የመጡት ልጆች ወደ መድረክ ይምጡልን። ኢንተርን መያዝ አሁንም ክልክል ነው።