ትከሻችሁን የምትስቡት በተሳሳተው በኩል ነው

[ምስል፦ መስቀል አደባባይ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ደረጃው ላይ ሰው ሽቅብ ቁልቁል ይሮጣል።]

እንዴት አደራችሁ! ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ድምፄ ቢሻክር ታገሱኝ።

ዛሬ የማወራው ክንዳቸውን ከራሳቸው በላይ አንስተው ለሚጫወቱ ነው። መረብ ኳስ፣ እጅ ኳስ፣ ቴኒስ፣ ዋና፣ ጦር ውርወራ። ሰርቭ ስትመቱ ትከሻችሁን ከፊት በኩል የሚወጋችሁ ከሆነ፣ ማታ በዚያ ጎን መተኛት ካቃታችሁ፣ ይህ ቪዲዮ የእናንተ ነው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ታዝባችሁ ታውቃላችሁ? ትከሻውን ያመመው ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነው። አጥር ወይ ምሰሶ ይይዝና ክንዱን ወደ ኋላ ይወጥራል። ካልሆነም ጓደኛው ከኋላው ቆሞ ሁለት እጁን እንደ በግ ይጎትትለታል። ፊቱ ይኮማተራል፣ ከዚያ «ኡፍ፣ ተፍታታሁ» ይላል።

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ሰፈር ውስጥ መረብ ኳስ ስንጫወት ቀኝ ትከሻዬን ጀመረኝ፣ አመመኝ ብዬ ባስጎተትኩ ቁጥር ለግማሽ ሰዓት ይሻለኛል፣ በማግስቱ ይብስብኛል። አንድ ወጌሻ ጋ ሄድኩ፣ እሳቸውም ያንኑ ወደ ኋላ ጎተቱት፣ ያውም ከጓደኛዬ በላይ ጉልበት ነበራቸው። በኋላ አንዲት ፊዚዮቴራፒስት በጀርባዬ አስተኝታ ስታየኝ ሳቀች። «ይሄ እኮ ከፊት ልቅ ነው፣ የጠበበው ከኋላ ነው» አለችኝ። ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያለው።

[ምስል፦ የስኒ ማስቀመጫ፣ ላዩ ላይ ብርቱካን።]

የትከሻ መገጣጠሚያ ይህን ይመስላል። ትንሽ፣ ብዙም ያልጎደጎደች የስኒ ማስቀመጫ ላይ ብርቱካን ተቀምጧል። ብርቱካኑ የክንዳችን አጥንት ራስ ነው። እንደ ዳሌ ጥልቅ ጉድጓድ የለውም፣ ለዚህ ነው እጃችን በየአቅጣጫው እንደ ልቡ የሚዞረው፣ ለዚህም ነው በቀላሉ የሚናጋው። ብርቱካኑ እንዳይንከባለል ይዘውት የሚውሉት ዙሪያውን ያሉት አራት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው፣ ሮቴተር ከፍ የሚባሉት። ማስቀመጫዋ ራሷ ደግሞ ጀርባችን ላይ ካለው ጠፍጣፋ የትከሻ አጥንት ጋር አብራ ትንሸራተታለች። ክንዳችሁን እስከ ላይ፣ እስከ 180 ዲግሪ ስታነሱ፣ ወደ 60 የሚሆነው የሚመጣው ከዚህ ጠፍጣፋ አጥንት ነው። እሱ ካልተንቀሳቀሰ ክንዱ ብቻውን አይደርስም።

አሁን ኳስ ስትመቱ አስቡ። ክንዱ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ከዚያ በጣም በፍጥነት ወደ ፊት ይወነጨፋል፣ ኳሱ ሄደ። ክንዱን ግን ማን ያቆመዋል? ከኋላ ያሉት ጡንቻዎች። ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርድ ሚኒባስ ፍሬን ማለት ናቸው። በአንድ ልምምድ መቶ ጊዜ ፍሬን ከያዙ፣ ይህም በሳምንት አራት ቀን ለዓመታት ከቀጠለ፣ የኋላው ጡንቻና መገጣጠሚያውን የሸፈነው ከረጢት ይደድራል፣ ያጥራል። የፊቱ ደግሞ በተቃራኒው እየተለጠጠ ይላላል። ኋላው ሲጠብ ብርቱካኑ ከቦታው ሸርተት ይላል፣ ክንድ ሲነሳ ጅማቱ ይቆነጠጣል። የሚያማችሁ ከፊት ነው፣ የጠበበው ግን ከኋላ ነው። እና እናንተ ፊቱን ትለጥጣላችሁ! የላላውን ይበልጥ ማላላት ነው።

እርግጠኛ ለመሆን ቤት ውስጥ ፈትኑት። በጀርባችሁ ተኙ፣ ክንዳችሁን በጎን ዘርጉ፣ ክርናችሁን 90 ዲግሪ እጠፉ፣ ጣታችሁ ጣሪያውን ይይ። አንድ ሰው ትከሻችሁን ከፊት ቀስ ብሎ ይያዝላችሁ፣ እንዳይነሳ። አሁን መዳፋችሁን ወደ እግራችሁ አቅጣጫ አውርዱ፣ ይህ ወደ ውስጥ መዞር ነው። ወደ ራሳችሁ አቅጣጫ ሲሄድ ደግሞ ወደ ውጭ መዞር ነው። ከዚያ ሌላኛውን ክንድ። የምትመቱበት እጅ ከሌላው ትንሽ ቢያንስ አትደንግጡ፣ ከልጅነት ጀምሮ የሚወረውር ሰው የክንዱ አጥንት ራሱ ወደ ኋላ እንደተጠመዘዘ ስለሚያድግ፣ ወደ ውስጥ በመዞር ያጣውን ወደ ውጭ በመዞር ያገኘዋል። ልዩነቱ 20 ዲግሪ ገደማ ከደረሰና ወደ ውጭ በመዞርም ያካካሰው ካልሆነ ግን የኋላው ጠቧል።

[ምስል፦ በግድግዳ ተደግፎ ክንድ በደረት ላይ ማሻገር።]

የጠበበውን ኋላ ከሚያላሉት ማሳሳቢያዎች የመጀመሪያውና እኔ የምመርጠው ይህ ነው። ጠፍጣፋው የትከሻ አጥንት እንዳይንሸራተት በጎናችሁ ግድግዳ ላይ ተደገፉ። የሚያመውን ክንድ በደረታችሁ ላይ አሻግሩ፣ በሌላው እጅ ከክርኑ አካባቢ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። ስሜቱ ከትከሻችሁ ኋላ መምጣት አለበት። 30 ሴኮንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ አምስት ጊዜ። በየቀኑ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ክንድን በደረት ላይ ማሻገርን፣ አምስት ጊዜ ለ30 ሴኮንድ፣ ለአራት ሳምንት አሠርቶ ሲለካ፣ ምንም ካልሳቡት ሰዎች ይልቅ የክንዳቸው ወደ ውስጥ መዞር በግልጽ ተሻሽሏል። ግድግዳውን አትዝለሉት። ሳትደገፉ ከሳባችሁ የሚሳበው ጀርባችሁ ነው።

ሁለተኛው በጎን ተኝቶ የሚሠራው ነው። በሚያመው ጎን ተኙ፣ ክንዳችሁን ከፊታችሁ ዘርግታችሁ ክርኑን እጠፉ፣ በሌላው እጅ የእጅ አንጓችሁን ወደ መሬት በዝግታ ግፉ። በዝግታ ነው ያልኩት! ይህንን በጉልበት የሚሠራ ሰው ትከሻውን ከፊት ያሳምመዋል። ከፊት ከቆነጠጣችሁ ገላችሁን ትንሽ ወደ ኋላ አንጋሉ፣ አሁንም ካልተወ ተዉትና ወደ መጀመሪያው ተመለሱ።

ደረትስ? ደረት ላይ፣ ከትልቁ ጡንቻ ሥር የተደበቀ ትንሽ ጡንቻ አለ። ሲያጥር ጠፍጣፋውን የትከሻ አጥንት ወደ ፊት ይደፋዋል። ዋናተኞች ይህ በጣም አለባቸው፣ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ የተደፋም ሁሉ አለበት። ለዚህ በር መቃን አያስፈልግም፣ ጋቢ ይበቃል።

[ምስል፦ የተጠቀለለ ጋቢ፣ ወለል ላይ።]

ጋቢውን እንደ ወፍራም ዱላ ጠቅልሉት፣ በቁመት አከርካሪያችሁ ላይ ይሁን፣ ጭንቅላታችሁም እሱ ላይ ይረፍ። ተኙበት። እጃችሁን በጎን ዘርጉ፣ መዳፍ ወደ ላይ። አትግፉ፣ አትጎትቱ፣ የራሱ ክብደት ይሥራው። ሁለት ሦስት ደቂቃ። ከዚያ ጋቢውን አግድም አዙራችሁ ከትከሻችሁ ዝቅ ብሎ፣ ከጀርባችሁ በላይኛው ክፍል ሥር አድርጉት፣ የጎበጠው ጀርባ ይከፈታል። ጀርባ ከጎበጠ ክንድ እስከ ላይ አይሄድም፣ ራሳችሁ አሁን ጎብጣችሁ ሞክሩት።

እዚህ ላይ ስለ ማሳሳብ ብቻ ካወራሁ ግማሹን ነው የነገርኳችሁ። የታመመ ትከሻ ይፈራል። አንገትና ትከሻን የሚያገናኘው ጡንቻ ሁልጊዜ እንደተወጠረ ነው፣ ትከሻ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ ሰውየው ግን አያውቀውም። አሁን፣ እያያችሁኝ፣ ትከሻችሁ የት ነው? አውርዱት።

እንዲለቅ መጀመሪያ ማጥበቅ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት ያስተማሩት ዘዴ ነው። ትከሻችሁን ወደ ጆሯችሁ አንሱ፣ አምስት ሴኮንድ አጥብቃችሁ ያዙ፣ ከዚያ ትንፋሻችሁን እያወጣችሁ ባንዴ ልቀቁት። ልዩነቱን አዳምጡ። አምስት ጊዜ። በማሳሳቡ ውስጥም ይገባል፦ ክንዳችሁን በደረታችሁ አሻግራችሁ ስትይዙ፣ ክርናችሁን በያዘው እጅ ላይ በትንሽ ኃይል ለአምስት ሴኮንድ ግፉ፣ ተንፍሱ፣ ከዚያ ሳቡ። ቅድም እንቢ ያለው ቦታ ይለቃል።

ትንፋሽ ደግሞ በሆድ ይሁን። በደረት ብቻ የሚተነፍስ ሰው የአንገቱን ጡንቻ በየትንፋሹ ያሠራዋል። አራት እየቆጠራችሁ በአፍንጫ ሳቡ፣ ስድስት እየቆጠራችሁ አውጡ። ጋቢው ላይ ተኝታችሁ ብትሠሩት ሁለት ሥራ ባንድ ጊዜ ነው።

ሙቀት ይረዳል። ፍል ውሃ ቅርብ ነው፣ ልምምድ ጨርሳችሁ ገብታችሁ ስትወጡ ብትሳሳቡ ደስ ይላል፣ ካልሆነም የቤት ሻወር። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ ጠዋት ላይ ቀዝቃዛ ጡንቻ መጎተት ትርፉ ሕመም ነው።

መቼ ይሠራ ለሚለው፦ ረጅሙ ማሳሳብ ከጨዋታ በኋላ ወይ ማታ። አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይዛችሁ ወዲያው ብትመቱ ጉልበቱ ይቀንሳል። ከጨዋታ በፊት ማንቀሳቀስ ነው፦ ሩጫ፣ ክንድ ማሽከርከር። እና እስክስታ። አልቀልድም! ትከሻ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ፣ ያም ጠፍጣፋ አጥንት በየአቅጣጫው ይንሸራተታል፣ እንደ እኔ አስተያየት ከዚህ የተሻለ ማሟሟቂያ ሌላ አገር ፈልጎ ማምጣት አያስፈልግም።

[ምስል፦ ተራኪው እስክስታ ይሞክራል። አያምርበትም።]

ማሳሳብ የሌለባችሁም አላችሁ። ትከሻው ወልቆ የሚያውቅ ወይም የሚወልቅ የሚመስለው ሰው ችግሩ መላላት ነው፣ እሱ የሚያስፈልገው ማጠንከር ነው። ብዙ ዋናተኞችም እንደዚያ ናቸው፣ ገንዳ ዳር ጓደኛ ለጓደኛ ክንድ የሚጎተተው ነገር ይቅር። እጅ ከደነዘዘ፣ ክንድ ጭራሽ አልነሳ ካለ፣ ከወደቃችሁ በኋላ ቅርጹ ከተቀየረ፣ ሕመሙ ማታ ማታ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂዱ። ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ የወለቀ ትከሻ በጉልበት አታስመልሱ፣ ነርቭና የደም ሥር እዚያው አጠገብ ነው የሚያልፉት።

የላስቲክ ማጠንከሪያውን በሌላ ቪዲዮ እሠራዋለሁ። ለአሁኑ ያንን በጀርባ ተኝቶ የሚሠራ ፈተና ዛሬ ማታ ሥሩ፣ ከጎን በስልክ ፎቶ አንሱት። አራት ሳምንት ግድግዳውን ከተደገፋችሁ በኋላ ያንኑ ፎቶ ድገሙትና ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ።