ስፖንጁ ምን በደለ?

ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ስፖንጅ ነው። አዎ፣ መኪና ስለሚታጠብበት ስፖንጅ። መሳቅ ይቻላል።

መኪና ያላችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ መኪናችሁ ሂዱና ነጸብራቋ ኮፈኖው ላይ የሚያርፍበትን ቦታ እዩ። ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ከሆነማ አይደበቅም። በነጸብራቁ ዙሪያ ቀጫጭን፣ ክብ ክብ ጭረት አለ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ "አጣቢው እጁን እያዞረ ስለሚያሽ ነው" ይላል። ጭረቶቹ ግን የሚሄዱት ወደ ሁሉም አቅጣጫ ነው። ብርሃን ወደ ዓይናችን የሚመልሱት በነጸብራቁ ዙሪያ የተጋደሙት ብቻ ስለሆኑ ክብ መስለው ይታያሉ። ጭንቅላታችሁን ወደ ጎን ውሰዱት፤ ክቡም ይከተላችኋል።

ይህ ሁሉ ያለው ክሊር የሚባለው የላይኛው ሽፋን ላይ ነው። ውፍረቱ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት 100 ማይክሮን አካባቢ ስለሆነ የዚያን ግማሽ በሉት። መኪናችሁን ፖሊሽ አስደርጋችሁ ጭረቱ ሲጠፋ የጠፋው ተሞልቶ አይደለም። ዙሪያው ተፍቆ እኩል ስለሆነ ነው። ስለዚህ ፖሊሽ የሚደረገው በልክ ነው፤ ከግማሽ ወረቀት ላይ ስንት ጊዜ ይፋቃል?

ጫሪው ደግሞ አቧራ ነው። የመንገድ አቧራ ውስጥ ኳርትዝ አለ። ማዕድናት በጥንካሬ በሚለኩበት በሞህስ መለኪያ 7 ላይ ይቀመጣል፤ መስታወት ከ5 ተኩል አካባቢ አያልፍም። መስታወት የሚጭር ነገር ለክሊር ይራራል? ስፖንጅ ለብቻው ለስላሳ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ችግሩ ፊቱ ጠፍጣፋ መሆኑ ነው። አሸዋዋን ሲያገኛት የሚያስገባበት ቦታ የለውም። በራሱና በቀለሙ መሃል ይዟት ከበር እስከ በር ይጎትታታል። ያኔ በእጃችሁ የያዛችሁት ብርጭቆ ወረቀት ነው።

ላቫጆ ውስጥ የምናየው ብዙው ስፖንጅ ከፍራሽ የተቆረጠ ነው። ርካሽ ነው፣ አረፋ ያበዛል፣ በዚህ አልፈርድባቸውም። ግን ያው ስፖንጅ ቸርኬውን አሽቶ፣ ፓራፋንጎ ስር ገብቶ፣ ተመልሶ ኮፈኖ ላይ ይወጣል። ቸርኬ ላይ ያለው ጥቁር ነገር ከፍሬን የሚወጣ የብረት ብናኝ እንደሆነ አስቡት። መሬት ላይ ሲወድቅ ደግሞ ባልዲ ውስጥ ነከር ተደርጎ ሥራው ይቀጥላል። እኔ መሬት የወደቀ ስፖንጅ ወደ ቀለሙ አልመልስም። ለጎማ ይሆናል።

ሌላው የዕቃ ማጠቢያው ባለ ሁለት ፊት ስፖንጅ ነው። ቢጫው በኩል ጉዳት ላይኖረው ይችላል። አረንጓዴው በኩል ግን ያረረ ድስት ለመፈግፈግ የተሠራ ነው፤ ሲሠራ ሆን ተብሎ የሚፍቅ ማዕድን ይጨመርበታል። የወፍ ኩስ አልለቅ አለ ብላችሁ እሱን እንዳትገለብጡት። እርጥብ ጨርቅ አልብሱትና ትንሽ ጠብቁ፤ ራሱ ይለቃል።

ታዲያ ምን እንግዛ? እኔ የምመርጠው ረጅም ጸጉር ያለው የማይክሮፋይበር የማጠቢያ ጓንት ነው። አሸዋዋ ጸጉሩ ውስጥ ትገባለች እንጂ ፊቱ ላይ አትቀርም። የበግ ሱፍ ጓንትም በጣም ጥሩ ነው፤ ግን ቶሎ ይጎዳል፣ እንክብካቤም ይፈልጋል። ስፖንጅ ካልሆነ የምትሉ ፊቱ ላይ ጥልቅ ስንጥቅ ያለውን ፈልጉ። የተፈጥሮ የባሕር ስፖንጅም አለ። እሱ የባሕር እንስሳ ነው፤ ካሊምኖስ የምትባል የግሪክ ደሴት ጠላቂዎቿ ከባሕር እያወጡት ኖራበታለች። ለመኪና ብዬ ግን ያን ያህል አላወጣበትም።

አሁን ዋናው ነገር። የትኛውንም ብትገዙ ውሃ ካልቀደመው ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ከጣሪያ ጀምራችሁ ውሃ አፍስሱበት፤ ልቅም ብሎ እስኪወርድ። ፈረቃ ያለበት ሰፈር የምትኖሩ "ውሃ ከየት?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጀሪካን ክዳኑ ላይ ቀዳዳ አድርጋችሁ ብታፈሱት ትንሽ ውሃ ብዙ ያጥባል። ካላችሁ ውሃ ላይ የምትቆጥቡት ከማጠቡ ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ማርጠብ አይሁን። ከዚያ ሁለት ባልዲ፦ አንዱ ሳሙና፣ ሌላው ጓንቱ የሚለቀለቅበት ንጹሕ ውሃ። አንድ ክፍል ባሻችሁ ቁጥር መጀመሪያ ንጹሑ ውስጥ፣ ቀጥሎ ሳሙናው ውስጥ። ከላይ ወደ ታች፣ ሳትጫኑ። የበሩ ታችና ፓራውልቱ መጨረሻ ላይ። የዱቄት ሳሙና ተዉት፤ ያልሟሟው ራሱ ፍርፋሪ ነው፣ ቀለሙ ላይ የተቀባውንም ሰም ያነሳል። ፀሐይ ላይም አትጠቡ።

ውሃ ጭራሽ ከሌለስ? አቧራው ይቀመጥ። የማልደራደርበት ይህ ነው። ቆሞ የሚውል አቧራ ቀለሙን ያደበዝዘዋል እንጂ አይጭረውም፤ በደረቅ ጨርቅ የተወለወለ ግን ጭረቱን ይዞ ይቀራል። ችግሩ ደረቁ ጨርቅ የሚመጣው ከደግ ሰው መሆኑ ነው። የሰፈራችን ዘበኛ አባባ ጎህ ሲቀድ ተነሥተው የሁሉንም መኪና ወልወል ያደርጋሉ። ማንም አላዘዛቸውም። "ይተዉት" ማለት ያስነውራል፤ ዝም ማለት ደግሞ ቀለም ይበላል። እኔ ያደረግሁት እንዲህ ነው፦ "አባባ፣ ላሜራውን ለእኔ ይተዉልኝና መስታወቱንና ስፖኪዮውን በእርጥብ ጨርቅ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። የሻይ የምሰጣቸውን አልቀነስኩም። "እሺ ልጄ" አሉ። የጎረቤቴን መኪና ግን ዛሬም ይወለውላሉ፤ እሱ ስላልነገራቸው በሰው ጉዳይ አልገባም።

ላቫጆ ስሄድ የራሴን ጓንት ይዤ ነው። መጀመሪያ ሲያዩኝ ልጆቹ ቅር ብሏቸው ነበር። "ጋሼ፣ አላመኑንም እንዴ?" አለኝ አንዱ። "አይ ወንድሜ፣ መኪናዋ አመለኛ ስለሆነች ነው" አልኩት፤ ሳቀ፣ አለፈ። ከሙያ ጋር ጠብ የለኝም። እነሱ በቀን ስንት መኪና ይጠብቃቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ሁለት ባልዲ ውሃ ቀይሩ ማለት ከእንጀራቸው ላይ መቀነስ ነው። ማርጠቡን ከጨመሩልኝና ጓንቴን ቸርኬ ካላስነኩብኝ ይበቃኛል። ለዚያም ትንሽ ጨመር አድርጌ እከፍላለሁ።

ድሮ ያገለገለች መኪና ስንገዛ ጭረቱ ከዱባይ አብሯት ይመጣ ነበር፤ ማንም ግድ አልነበረውም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ግን ላስቲኩ ያልወጣለት አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ አለ። ብዙ ገንዘብ ከፍሎ በፍራሽ ቁራጭ የሚያሳሽ ሰው ሳይ አንጀቴ ነው የሚቃጠለው።

አንድ የረሳሁት፦ ጓንቱን ታጥቦ ሳይደርቅ ከኋላ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ ይሸታል። ሲታጠብ የልብስ ማለስለሻ አይግባበት፤ ጥላ ላይ ይሰቀል። በሉ፣ በሌላ ክፍል ስለ ማድረቂያው ፎጣ እንመጣበታለን። ቻው።