«ሶፍት» ስንት ፊት አለው?

ክቡራን መምህራን፣ ውድ የትርጉምና የአስተርጓሚነት ሠልጣኞች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

አሜሪካ ውስጥ ጥርሱን የተነቀለ አንድ አበሻ አስቡ። ሐኪሙ «ለጥቂት ቀን ሶፍት ፉድ ብቻ» ይላል። አስተርጓሚው ሳያመነታ «ለስላሳ ነገር ብቻ ይውሰዱ» ብሎ ያስተላልፋል። በአማርኛ «ለስላሳ» ሲባል ቀድሞ የሚታየው ጠርሙስ ነውና ሰውዬው ቤቱ ገብቶ ቀዝቃዛ ኮካ ይከፍታል፤ አፉን ስላመመው በስትሮ ይስባል። ሲስብ ግን ጥርሱ በወጣበት ጉድጓድ የረጋው ደም ሊነቀል ይችላል። ከተነቀለ አጥንቱ ይጋለጣል፤ ለቀናት የሚጠዘጥዝ ሕመም ይከተላል። ሐኪሙ ያለው ግን «ብዙ ማኘክ የማያስፈልገው ምግብ ይብሉ» ነበር። እርጎ፣ የተፈጨ ድንች፣ በረድ ያለ አጥሚት ዓይነቱን ማለቱ ነው። ምሳሌ ከራሳችሁ አትጨምሩ፤ ታካሚው ግር ካለው ሐኪሙ እንዲዘረዝርለት አስጠይቁት።

የሚያስቀው፣ ጠርሙሱን «ለስላሳ» ያሰኘውም ይኸው «ሶፍት» የሚለው ቃል ነው። በእንግሊዝኛ አልኮል ያለበት መጠጥ «ሀርድ»፣ የሌለበት «ሶፍት» ይባላል። እኛ ቃሉን በቁሙ ተረጎምነው፤ ከዚያ «መጠጥ» የሚለውን ጣልነው። በሌላ በር ደግሞ ራሱ «ሶፍት» ሳይተረጎም ገብቶ የወረቀት ስም ሆነ። ዋሽንግተን ሱቅ ገብቶ «ሶፍት አለ?» የሚል ሰው «ሶፍት ምን?» መባሉ አይቀርም። እዚያ ለአፍንጫው «ቲሹ»፣ ለመጸዳጃው «ቶይሌት ፔፐር» ነው።

ታዲያ ይህን ቃል በምን እንያዘው? በተቃራኒው። «ሶፍት» ባያችሁ ቁጥር «እዚህ ቦታ ላይ ተቃራኒው ምንድን ነው?» በሉ። የትራስና የዳቦ ተቃራኒ ጠንካራ ወይም ደረቅ ስለሆነ «ለስላሳ» ይሄዳል። የድምፅ ተቃራኒ ጩኸት ነው፤ «ዝግ ያለ»፣ ሲብስም «ለሆሳስ» በሉት። የመብራት ተቃራኒ ዓይን የሚወጋው ነው፤ «ፈዘዝ ያለ» ይበቃል።

ውኃ ላይ መዳሰስ አይሠራም። «ሶፍት ዋተር» ካልሲየምና ማግኒዚየም ያነሰው ውኃ ነው። በአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም አመዳደብ፣ በካልሲየም ካርቦኔት ተሰልቶ በሊትር እስከ 60 ሚሊግራም ያለው «ሶፍት»፣ ከ121 እስከ 180 ያለው «ሀርድ»፣ ከ180 በላይ ያለው «በጣም ሀርድ» ነው። የመጀመሪያው ሳሙናን ቶሎ አረፋ ያስደፍቃል፤ ሌሎቹ ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት ይተዋሉ። «ለስላሳ ውኃ» ብትሉ አንባቢው ጋዝ ያለው ይመስለዋል። «ማዕድኑ ያነሰ ውኃ» ይሻላል።

እንጨት የባሰ ወጥመድ ነው። «ሶፍትዉድ» የጥድና የዝግባ ወገን የሆነው ዛፍ ሁሉ ነው፤ «ሀርድዉድ» ደግሞ አበባ የሚያብበው ሰፊ ቅጠሉ፣ ወይራም ባሕር ዛፍም እዚያ ናቸው። የሞዴል አውሮፕላን የሚሠራበት ባልሳ በጥፍር ይጫራል፤ ግን «ሀርድዉድ» ነው። ስለዚህ ክፍፍሉ የዛፉን ዘር እንጂ ጥንካሬውን አይነግራችሁም። አናጺ የሚያነበው ጽሑፍ ላይ «ለስላሳ እንጨት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ሰውየውን አሳሳታችሁት።

«ለስላሳ ብድር» የሚለውን ዜና ላይ ሰምታችሁታል። እኛ አንወደውም። በ1960 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዓለም ባንክ ክንፍ፣ ዓለም አቀፍ የልማት ማኅበር፣ እንዲህ ያለውን ብድር ይሰጣል፤ ኢትዮጵያም ተበዳሪ ናት። ነገሩ ወለዱ ዝቅ፣ የመክፈያ ጊዜው ረዘም፣ መጀመሪያ ላይ የእፎይታ ዓመታት ያለው መሆኑ ነው። «በአነስተኛ ወለድ የሚከፈል የረጅም ጊዜ ብድር» ቢረዝምም ገበሬም ይገባዋል። «ሶፍት ኮፒ»ን ግን ተዉት፤ ቢሮው ሁሉ በዚሁ ስለሚግባባ ለመተርጎም መድከም ዋጋ የለውም።

ሰው ላይ ሲመጣ ከቃሉ ይልቅ የተናጋሪው ስሜት ይቀድማል። «ሶፍት ሃርት» ያላት ሴት ሆደ ቡቡ ናት፤ ምስጋና ነው። አለቃ ስለ አንድ ተቆጣጣሪ «ሂ ኢዝ ቱ ሶፍት» ካለ ግን ወቀሳ ነው፦ «በጣም ላላ ያለ ነው»። ያው ቃል በወጣቶች አፍ ስድብ ሲሆን «ልፍስፍስ»ን ያህላል። «ሺ ሃዝ ኤ ሶፍት ስፖት ፎር ሂም» ደግሞ «ትሳሳለታለች» ነው። እዚህ ላይ «ለስላሳ ቦታ አላት» ተብሎ ተጽፎ አይተናል፤ አንባቢው ምን እንዳሰበ እግዜር ይወቀው።

አነባበቡ ላይ አንድ ነገር ብቻ። በ«ሶፍት» መጨረሻ ያለችው ት ትሰማለች፤ ግሱ ላይ ግን ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። «ሶፍተን» ሳይሆን «ሶፈን» ነው። ሆድ ድርቀት ያለበት ሰው የሚታዘዝለትን ሰገራ የሚያለዝብ መድኃኒት ነርሷ «ስቱል ሶፈነር» ስትል እንዳያመልጣችሁ።

አመሰግናለሁ።